የሐጂ ሶህራብ ጨው

ሳጃዋል የሙልታን ከተማ ሰው ነው፤ ሙያውን ከአባቱ የወረሰ የድግስ ምግብ አብሳይ። በሙልታን ሰርግ ያለው ሰው ቀን የሚቆርጠው ሳጃዋልን ጠይቆ ነው ይባል ነበር። የላሆር ሰው ቅቤው ከላይ የሚንሳፈፍ ወጥ ቢፈልግ ያውቅበታል። የሲንድ ሰው ድንችና ፕሪም የገባበት፣ ዓይን የሚያስነባ ሩዝ ቢል እንባውን ያመጣለታል። ለፔሻዋር ሰው ደግሞ ቅመሙን ያሳንስና ካሮትና ዘቢብ ያበዛለታል። «ሰው አገሩን ቢክድ ምላሱ ያጋልጠዋል» ይል ነበር።

ሐጂ ሶህራብ ወደ ሱቁ የመጣው ብርዱ ሊወጣ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከኢንደስ ወንዝ ማዶ፣ ከተራሮቹ ሥር ባለው ሜዳ ላይ መሬት ያለው ሽማግሌ ነው። ሳጃዋል ከዓመት በፊት የልጁን ሰርግ ደግሶለት ነበር። በዚያ ሰርግ ላይ ያየውን ነገር ከሌላ ቤት አይቶት አያውቅም፤ ሐጂው እንግዳው ሁሉ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ የመጀመሪያውን ሳህን በገዛ እጁ ይዞ ወደ እሳቱ መጣና «እናንተ ሳትቀምሱ ማንም አይነካም» ብሎ ምግብ አብሳዮቹን አስቀደመ።

አሁን ግን ፊቱ ከስቷል።

«ደም ላደርቅ ነው ኡስታድ» አለ ገና ሳይቀመጥ፤ የሙያ አዋቂን በዚያ አገር ኡስታድ ይሉታል።

ነገሩን ሳጃዋልም ሰምቶታል። ከሁለት ዓመት በፊት በመስኖ ተራ በተነሳ ጠብ የሐጂ ሶህራብ የወንድም ልጅ የጎሳ አለቃውን የሰርዳር ቢጃርን ታናሽ ወንድም ገድሎ እስር ቤት ገባ። ሽማግሌ ሲመላለስ ከርሞ በመጨረሻ ሰርዳር ቢጃር እርቁን ተቀብሏል። እንደ አገሩ ደንብ በዳይ በጉንም ሩዙንም ጨውንም ሳይቀር ይዞ ወደ ተበዳይ ግቢ ይሄዳል። እዚያው ይበስላል፤ ሁለቱ ወገን በአንድ ገበታ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይበላል። የበዳዩን ጨው የቀመሰ ሰው ከዚያ ወዲያ እጁን ቢያነሳበት፣ የገዛ ልጁ እንኳ አይከተለውም።

«ለእኛ ያንን የልጄን ሰርግ ሩዝ ሥራልን። ለእነሱ ሰጂ፣ በፍም ዙሪያ የሚጠበሰውን በግ። የተራራ ሰዎች ናቸው፤ ቅመም ሥጋ ያበላሻል ነው የሚሉት» አለ ሐጂው። የሳጃዋልን እጅ ያዘና «አደራ፣ አሳምረው» አለ።

ሳጃዋል ጎላዎቹን በጭነት መኪና ጭኖ፣ የሚስቱን ወንድም ጂንዶን ይዞ፣ ከድግሱ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ የሰርዳሩ ግቢ ደረሰ። ጂንዶ ወፍራም፣ ሆዱ የሚቀድመው፣ ምላሱ ከሆዱ የሚቀድም ሰው ነው። ግቢው ከፍ ባለ የጭቃ አጥር የታጠረና አንድ በር ብቻ ያለው ነበር። በሩ ላይ ጎህራም የሚባል፣ ጠመንጃውን አንግቶ የሚሄድ የሰርዳሩ ሰው ተቀብሏቸው የሁለቱንም ስልክ ወሰደ።

«ለእርቁ ክብር ነው» አለ። «ነገ ስትወጡ ትወስዳላችሁ።»

«የእኔን ተጠንቀቅለት፤ ሚስቴ ከደወለች አታንሳ፤ ከጮኸችብህ ጠመንጃህም አያድንህም» አለው ጂንዶ። ጎህራም አልሳቀም።

ሰርዳር ቢጃር ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ንጹሕ። ሳጃዋልን በአክብሮት ሰላም አለው፤ ስለ መንገዱ ጠየቀው፤ ጎላዎቹን እየዞረ አየ። በመጨረሻ እንደ ቀላል ነገር፣ «ለእኛ ሰዎች የሚሆነው ሰጂ ጨው አይግባበት» አለ።

ሳጃዋል በትክክል የሰማ አልመሰለውም። «ሰጂ ያለ ጨው፣ ሰርዳር?»

«ደም ብዛት አለብኝ።»

«እሺ፣ ለእርስዎ አንድ ታፋ ለብቻ አወጣለሁ። ለቀሩት ግን…»

«ለቀሩትም አይግባ። ለአርባውም። ቂጣውም ውስጥ እንዳይገባ።»

«ሰርዳር፣ አይቆጡኝና፣ ሰጂ ማለት እኮ ሥጋና ጨው ነው። ሌላ ምንም የለውም። ጨውን ካወጣሁበት የቀረው የተቃጠለ በግ ነው።»

ሰርዳር ቢጃር ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ከከንፈሩ ወዲያ አላለፈም። «እንግዲያው የተቃጠለ በግ እንበላለን። ጎህራም አብሮህ ይሆናል። የጎደለህን እሱን ጠይቅ» ብሎ ሄደ።

ጂንዶ ሽንኩርት እየላጠ፣ «አርባ ሰው በአንድ ቀን ደም ብዛት ያዘው? ውሃቸው ምን ቢሆን ነው?» አለ።

«ሽንኩርትህን ላጥ» አለው ሳጃዋል።

በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ አጥሩን ሳትሻገር እሳቱ ተያያዘ። በአንድ በኩል የሩዙ ጎላዎች ተደረደሩ፤ በሌላው በኩል አሥር ጠቦቶች ተሰነጣጥቀው፣ በረጃጅም እንጨት ተሰክተው በፍሙ ዙሪያ ሊቆሙ ተዘጋጁ። ጎህራም አንዲት ዝቅተኛ አልጋ አምጥቶ ከጠቦቶቹ አጠገብ ተቀመጠ። የጨውን ጆንያ በእግሩ ገፍቶ ወደ ሩዙ በኩል አራቀው።

በዚህ መሀል ሁለት ክፍት መኪናዎች ከውስጠኛው ግቢ ወጡ። ሴቶቹና ልጆቹ በሙሉ ተጭነውባቸዋል። «ወደ ቅዱሱ መቃብር ሊሳለሙ ነው» አለ ጎህራም ሳይጠየቅ። ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከመኪናው ዘልላ ወርዳ ወደ እሳቱ ሮጠች።

«ሥጋው ሳይደርስ አልሄድም» አለች።

እናቷ ተከትላት መጣችና ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ሳጃዋል «ተያት እንጂ፣ ቁራሽ ልስጣት» ቢል ሴትዮዋ ቀና ብላ አላየችውም። ልጅቷን አቅፋ ወስዳ መኪናው ላይ ወረወረቻት ማለት ይቀላል። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ሳጃዋል ሠላሳ ዓመት በሰው ግቢ ሲያበስል ኖሯል። ልጅ እሳቱን የማይከብበው፣ ሴት በግድግዳ ሥንጥቅ የማታይበት፣ «ጨው ጨምርበት፣ ቅቤ አሳንስበት» የሚል ድምፅ ከውስጥ የማይመጣበት ድግስ ገጥሞት አያውቅም። ግቢው በአንድ ጊዜ ጭር አለ። የፍሙ ፍንጣሪ ብቻ ይሰማል።

ሥራ ይሻላል ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ለሩዙ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል ጣለ፤ ሽንኩርቱ ወርቅ ሲመስል እርጎውን ጨመረ። ከዚያ ስለ ሻይ አሰበ። ለሰባ ሰው ሻይ የሚፈላበት ጎላ ጊዜ ይፈጃልና፣ ማገዶውን ከአሁኑ መለየት አለበት።

«ጎህራም፣ ወተቱ ከየት ይመጣል? ከምግብ በኋላ ላለው ሻይ ማለቴ ነው።»

«ሻይ አያስፈልግም።»

«እንዴት አያስፈልግም? የእርቅ ድግስ ነው። እንግዳ ያለ ሻይ ይሸኛል?»

ጎህራም በጢሱ ውስጥ አየው። ቀይ፣ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ነበረው። «ለሻይ የሚቆይ ሰው የለም» አለ።

ሳጃዋል ጭልፋውን እንደያዘ ቀረ። ደም ብዛቱ፣ ስልኩ፣ ሴቶቹ፣ በግድ የተወሰደችው ልጅ… ሁሉም ተራ በተራ መጥተው አጠገቡ የተቀመጡ መሰለው። ጨው የማይበሉት ደም ብዛት ይዟቸው አይደለም። የሐጂ ሶህራብን ጨው አፋቸው ላለማስገባት ነው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ መጣ። ቻቻ ሻሆ ይባላል፤ የሰርዳሩ አጎት፣ የጎሳው አንጋፋ ነው። ጎህራም ከአልጋው ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። ሽማግሌው ግን አልተቀመጠም፤ ጠቦቶቹን አየ።

«ጨው አልገባበትም?»

«አልገባበትም ቻቻ» አለ ሳጃዋል።

«እርግጠኛ ነህ? እኔ በዚህ ነው የተስማማሁት። አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትገባ። ጨው በልቼማ አልችልም።»

«ምኑን ነው የማይችሉት?»

ሽማግሌው አንዲት ፍም በከዘራው ጫፍ ወደ እሳቱ መለሰ። «መብላቱን» አለ፤ ከዘራውን አዙሮም ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሳጃዋል የሚጠራጠረው ነገር አልቀረውም፤ እንግዶቹ ከገበታው ሳይነሱ ሊገደሉ ነው። ወደ በሩ አየ፤ ሁለት ሰው ቆሞበታል። ለጂንዶ ቢነግረው፣ ጂንዶ ምላሱ ሊያስገድላቸው የሚችል ሰው ነው። እንግዶቹ ሲገቡ ቢጮህ የመጀመሪያው ሬሳ እሱ ይሆናል፤ የሚያድነውም ሰው የለም። ዝም ቢል ደግሞ ሩዙን አስረክቦ፣ ጎላውን አጥቦ፣ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። «እኔ ምግብ አብሳይ ነኝ፤ የታዘዝኩትን ሠራሁ» ማለት ይችላል። ይህን ሲያስብ ያ ሳህን ትዝ አለው፤ ሐጂው እሳቱ ድረስ ይዞት የመጣው ሳህን።

ረፋዱ ላይ ከበሩ በኩል ፉጨት ተሰማ። ጎህራም ጠመንጃውን አንስቶ፣ «መጣሁ። ከቦታህ ንቅንቅ እንዳትል» ብሎ ሄደ።

ሳጃዋል ጂንዶን «ሩዙን እንዳትለቅ» አለው። ከጆንያው የተወቀጠ የድንጋይ ጨው በሻሽ ቋጠረ። ቀጭኗን ቢላ ይዞ ከመጀመሪያው ጠቦት አጠገብ ተንበረከከ፤ ታፋውን እስከ አጥንቱ ወጋ፣ ጨውን በአውራ ጣቱ ወደ ውስጥ አስገብቶ ጠቀጠቀ፣ የተወጋውን አፍ በእሾህ ሰፋ። ከላይ ሲቀምሱት አልጫ ነው። ወደ አጥንት ሲጠጉ ግን ጨው ይጠብቃቸዋል። ሁለተኛው ታፋ። ሦስተኛው። እጁ ይሠራል፣ ጆሮው በሩ ላይ ነው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ በጨዋማ እጁ ጠርጎት ዓይኑን አቃጠለው። በመሀል ቀና ሲል ጂንዶ ማማሰያውን ይዞ አፉን ከፍቶ እያየው ነው።

«ኡስታድ፣ ሰውየው ጨው እንዳይገባ አላለም?»

«ሩዝህን ተመልከት።»

«ኡስታድ…»

«ጂንዶ፣ እህትህን መበለት ማድረግ ካልፈለግህ ዞር በል።»

ጂንዶ ዞረ። በሕይወቱ እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም።

አሥራ ስምንተኛውን ታፋ ሲሰፋ የጎህራም እርምጃ ተሰማው። ጨው ያልገባባቸው ሁለት ታፋዎች ቀሩ፤ የመጨረሻው ጠቦት። ሻሹን ፍሙ ውስጥ ጣለው፤ ጨው ተንጣጣ።

«ምኑ ነው የሚንጣጣው?» አለ ጎህራም።

«እርጥብ እንጨት ነው። የሰጣችሁኝ ማገዶ ሁሉ እርጥብ ነው።»

ጎህራም ጠጋ ብሎ ሥጋዎቹን አየ። ጠቦቶቹ በፍሙ ዙሪያ ከቆሙ በኋላም ሦስት ጊዜ ከላይ እየቆረጠ ቀመሰ። «አልጫ ነው» ይላል በየጊዜው፣ ለራሱ እንደሚያወራ። በሦስተኛው ላይ ፊቱን አጨማድዶ ተፋው።

እንግዶቹ ከቀትር ጸሎት በኋላ መጡ፤ ሠላሳ ሰዎች፣ ነጭ የለበሱ። ጠመንጃቸውን በደንቡ መሠረት በሩ ላይ ሰቀሉ። ሐጂ ሶህራብ ከሰርዳሩ ጋር ከተቃቀፈ በኋላ በቀጥታ ወደ እሳቱ መጣ።

«ኡስታድ፣ በልታችኋል?»

ጎህራም አጠገባቸው ቆሟል። ሳጃዋል የሐጂውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ምን ሊል እንደሚችል አሰበ፤ ሁሉም ቃል ረጅም ሆነበት።

«ገና ነን ሐጂ። በኋላ እንበላለን።»

«ሳትበሉ እንዳትቀሩ» አለና ሐጂው ትከሻውን መታ አድርጎት ተመለሰ።

ረጅም ጨርቅ መሬት ላይ ተዘረጋ። በአንድ በኩል ሠላሳው፣ በሌላው አርባው ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሰርዳሩ ሰዎች ሁሉም ወፍራም ጋቢ ደርበው ነበር፤ ፀሐይዋ ግን ሞቅ ያለች ናት። ሳጃዋል ሥጋውን እየቆረጠ ሲያወጣ የጎህራም ጓደኞች ሳህኑን እየነጠቁት ይሄዳሉ፤ ጨው የሌላቸው ሁለቱ ታፋዎች ለማን እንደሚደርሱ ሊመርጥ አልቻለም። አንደኛው ጨርቁ ጫፍ ላይ ለተቀመጡ ወጣቶች ደረሰ። ሁለተኛውን ከሰርዳር ቢጃር ፊት ሲያስቀምጡት አየ።

በሉ። ሩዙ ተከፍቶ እንፋሎቱ ሲወጣ ከእንግዶቹ በኩል «ወይ ጉድ» የሚል የደስታ ድምፅ ተሰማ። በወዲያኛው በኩል ግን ሰዎቹ እንደ ግዴታ ያኝካሉ፤ ያንን በጋለ ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ የሚጋገር፣ እንደ ብርኩታ ያለ ቂጣ እየቆረሱ፣ ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሱ። ከሰርዳር ቢጃር አጠገብ የእጅ ማስታጠቢያ የያዘ ሰው ቆሟል። ቢጃር ደጋግሞ ማስታጠቢያውን ያያል። ሳጃዋል ገባው፤ ለግድያው የተቀጠረው እጅ የሚታጠቡበት ሰዓት ነው።

ቻቻ ሻሆ ጥርሱ ጥቂት ነው። ጠንካራውን ከላይ ያለውን ሥጋ ትቶ፣ ለስላሳውን ከአጥንቱ ሥር በጣቱ እየፈለቀቀ ወደ አፉ ወሰደ። ማኘኩን አቆመ። አውራ ጣቱን ላሰ። እንደገና ፈለቀቀ፣ እንደገና ቀመሰ። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ሰው እጁ መንገድ ላይ ቀረ። አርባዎቹ እርስ በርሳቸው መተያየት ጀመሩ።

«ቻቻ፣ ምነው?» አለ ሰርዳር ቢጃር።

«ጨው አለው።»

«ጨው የለውም። እኔም ከዚሁ እየበላሁ ነው። ተሳስተህ ይሆናል።»

«ሰባ ዓመት ጨው ቀምሻለሁ ልጄ። ዓይኔ ቢሳሳት ምላሴ አይሳሳትም።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ጨርቁን ተሻግሮ አየ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ሐጂ ሶህራብ፣ ጨውህን በላሁ» አለ።

ሐጂው ምንም አልጠረጠረም። በእርቅ ቀን የሚባል መልካም ቃል መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ይባረክልህ። የእኔ ቤት የአንተ ቤት ነው።»

ማስታጠቢያ የያዘው ሰው ሰርዳሩን ያያል። ሰርዳሩ አጎቱን ያያል። ከአርባዎቹ አንዱ፣ ጢሙ ገና የወጣ ወጣት፣ እጁን ከጋቢው ውስጥ አውጥቶ ሥጋው ላይ አሳረፈና እስከ አጥንቱ ገሸለጠ። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። አንዳንዶቹ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከንዴት ይሁን ከእፎይታ ማን ያውቃል።

ቻቻ ሻሆ ወደ እሳቱ ዞረ። «ኡስታድ፣ ሻይ አፍላልን» አለ።

እንግዶቹ ሻይ ጠጥተው፣ ዱዓ አድርገው፣ ጠመንጃቸውን ከበሩ አንስተው ፀሐይ ዘንበል ስትል ሄዱ። ሐጂ ሶህራብ እስከ ዛሬ ከምን እንዳመለጠ ያወቀ አይመስለኝም።

ሳጃዋል ጎላ እያጠበ ነበር ሰርዳር ቢጃር የመጣው። ብቻውን ነው። አንድ የተበላ አጥንት ይዞ እያገላበጠ ያየዋል። ጂንዶ ውሃ ላምጣ ብሎ ሸሸ።

«ማን አዘዘህ?» አለ ሰርዳሩ። ድምፁ እንደ ትናንቱ ለስላሳ ነው።

«የእጅ ልማድ ነው ሰርዳር። ሠላሳ ዓመት የለመደ እጅ…»

«ልማድ በእሾህ አይሰፋም።»

ሳጃዋል ወደ ጎላው ጎንበስ አለ። እጁ ላይ ያለው አመድ እየደረቀ ሲሰነጣጠቅ ይሰማዋል።

«ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሸንበቆ እየቆረጠ ነው የተመታው። ሦስት ቀን ጮኾ ነው የሞተው። ይህን ሶህራብ ነግሮሃል?»

«አልነገረኝም።»

«አይነግርህም።» ሰርዳሩ አጥንቱን ፍሙ ላይ ጣለው። «ከጥቂት ልጆች በቀር ሰዎቼ ሁሉ ጨው በልተዋል። ከእንግዲህ ሶህራብን አይነኩትም፤ እኔም ብቻዬን ልነካው አልችልም፤ እጄን ይዘውታል። ግን የእኔ ታፋ አልጫ ነበር ኡስታድ። የሶህራብንም የአንተንም ጨው አልቀመስኩም።»

ይህን ብሎ ቀስ እያለ ሄደ።

ወደ ወንዙ ሲመለሱ ቻቻ ሻሆ ሳይጠራ መጥቶ ከጭነት መኪናው የፊት ወንበር ላይ፣ በሳጃዋልና በበሩ መካከል ተቀመጠ። ሁለት ቦታ ላይ ሞተር ሳይክል የያዙ ሰዎች ከመንገዱ ዳር ቆመው ነበር፤ ሽማግሌውን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ወረደ።

«ያደረግኸውን ያደረግኸው ለእኔ ነው» አለ ከዘራውን እያስተካከለ። «እኔ ጨው አይግባበት ስል፣ የሆነ ሰው ያስገባዋል ብዬ ሳልመኝ አልቀረሁም። ከዚህ ወንዝ ወዲህ አትመለስ።»

ሽማግሌው በሁለተኛው ወር ከጣሪያ ወድቆ ሞተ አሉ። በሰባ ዓመቱ ከዘራ ይዞ ጣሪያ ላይ ምን እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው የለም። እርቁ ግን አልፈረሰም፤ ሐጂ ሶህራብም እርሻውን በተራው ያጠጣል፣ ልጆቹን ይድራል ይባላል።

በሙቀቱ ወራት ጎህራም ሙልታን መጣ። ሱቁ በር ላይ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ የተሰጠውን ውሃ አልጠጣም።

«ሰርዳር ሊያገባ ነው። ድግሱን አንተ እንድትሠራለት ይፈልጋል።»

«ቀን የለኝም። እስከ ብርድ ድረስ ተይዣለሁ።»

«ቀኑን አንተ ምረጥ። ሰርዳር ይጠብቅሃል። ዓመትም ቢሆን ይጠብቅሃል» አለ ጎህራም፤ አግዳሚውን ሁለት ጊዜ በመዳፉ መትቶም ተነሳ።

በሳምንቱ ሳጃዋል ሱቁን ለጂንዶ ትቶ ካራቺ ገባ። ሚስቱን ይዟት ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ እናቷ ታማባት ቀረች። በካራቺ እንደ እሱ ያለ ምግብ አብሳይ እንደ አሸዋ ነው። ከአንድ ትልቅ ማብሰያ ቤት ገብቶ፣ ስሙን ለውጦ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ሩዝ ያበስላል። ሰጂ አይሠራም። ከኢንደስ ማዶ ያለ ሰው አነጋገር ከውጭ ሲሰማ ጭልፋውን ያስቀምጥና ወደ ማገዶ ቤት ይገባል። ጓደኞቹ «ሆዱን የሚያመው ሰውዬ» ይሉታል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጂንዶ ደወለ።

«ኡስታድ፣ ደኅና ነህ?»

«ደኅና ነኝ። ምነው ድምፅህ?»

«እንግዲህ አትቆጣኝ። ያ ጎህራም ለሦስተኛ ጊዜ መጣብኝ። የት ሄደ፣ የት ሄደ አለኝ። ግራ ሲገባኝ ሞተ አልኩት።»

ሳጃዋል ከጎላው ራቅ ብሎ ግድግዳ ተደገፈ። «መቼ ነው የሞትኩት?»

«ባለፈው ረቡዕ። በልብ ነው የሞትከው። እንዳይጠረጥር ብዬ ድንኳን ጣልኩ፣ ለነፍስህ ሁለት ጎላ ሩዝ አብስዬ ሰፈሩን አበላሁ። ሚስትህ እንኳ እንዴት እንዳለቀሰች ብታይ፤ እውነት መሰለኝ።»

«እሱስ?»

«መጥቶ ተቀመጠ። በላ። ከዚያ መቃብሩን አሳየኝ አለ።»

«ምን አልከው?»

«ምን ልበል? የአባትህን መቃብር አሳየሁት። ጠዋት ሄጄ ትኩስ አፈር ደርቤበት፣ ውሃ አርከፍክፌበት፣ ጽጌረዳ በትኜበት ነበር። የምር አዲስ ነው የሚመስለው።»

«ድንጋዩስ? የአባቴን ስም አጠፋኸው?»

በስልኩ ውስጥ የሙልታን መንገድ ጩኸት ይሰማል፤ የሞተር ሳይክል ጡሩምባ፣ የሎሚ ሻጭ።

«ድንጋዩን አላሰብኩትም» አለ ጂንዶ። «እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደረገ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳየው ጎንበስ ብሎ አፈሩን ከድንጋዩ ላይ በጣቱ ይጠርጋል። ብዙ ቆየ።»

«ማንበብ ይችላል?»

«እኔ ምን አውቄ ኡስታድ» አለ ጂንዶ።